አንድ እጅ በመሪ፣ አንድ እጅ በስልክ

አስፋልቱ ከተሠራ በኋላ ከደባርቅ ዳባት መመላለስ ቀለለኝ። ቤቴ ደባርቅ ነበር፣ የማስተምረው ዳባት። ድሮ በጠጠሩ መንገድ ሾፌር ሁሉ መሪውን በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ነበር የሚነዳው። አስፋልቱና ሞባይሉ ባንድ ሰሞን መጡና አንደኛው እጅ ከመሪው ወረደ።

በኛ አካባቢ ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በዝቅታው ጥፍት ይልና መንገዱ ዳገቱን ጨርሶ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይመጣል። ስለዚህ የሾፌሮቹ ስልክ የሚጮኸው መታጠፊያው ላይ ነው። የሚያወሩትን ተሳፋሪው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ መናኸሪያው ሰው አለው ወይ፣ ትራፊክ ፖሊሱ የት ቆሟል። ከሕግ የሚሸሹት በዚያው በስልኩ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ስመለስ ሚኒባስ ጋቢና ተቀመጥኩ። በእኔና በሾፌሩ መካከል አንድ ያረጁ መሪጌታ ነበሩ። ሾፌሩ ገና ጎልማሳ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሁሉም የሚወደው ልጅ ነው። ዳገቱን እንደ ጨረስን ስልኩ ጮኸና አነሣው። እየሣቀ ማውራት ጀመረ። መሪጌታ ትንሽ ታገሡና በዝግታ፣ “ልጄ፣ ነፍስ ይዘሃል። ቁምና አውራ” አሉት።

አይዞዎት አባ፣ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ አላቸው። ከኋላ የሣቁ ነበሩ። እኔ ደሜ ፈላ። አባ እኮ ቁም አሉህ ስለው ቆዪ በሚል እጁን አነሣብኝ። የቀረችውን አንዷን እጅ ከመሪው ላይ ማንሣቱ ነው።

ከመታጠፊያው እንደ ወጣን ባልና ሚስት ገበሬዎች ያልተሸጡላቸውን በጎች እየነዱ በመንገዱ ጠርዝ ሲሄዱ አየሁ። እኔ አየሁ፣ መሪጌታም አዩ። ሾፌሩ አላየም። ጮኽኩ። ጆንያ እህል ከአህያ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፣ መኪናውም እየተንሻተተ ቆመ።

ሾፌሩ ስልኩ አሁንም ጆሮው ላይ ነበር። “ቆይ፣ መልሼ እደውልልሃለሁ” አለ።

ይህን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። ሰው ገጭቶ አፉን የከፈተው ለስልኩ ነው።

ወርደን ስንሮጥ ሰውየው ጉድባው ውስጥ ወድቆ ነበር፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። ሚስቱ አልጮኸችም። መቀነቷን ፈትታ ጭኑ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። እሱ ደግሞ በጎቹ የት ሄዱ እያለ ይጠይቃታል። ተሸክመን እዚያው ሚኒባስ ውስጥ አስተኛነውና ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ገሠገሥን። መንገድ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። የሾፌሩ ዓይን ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁ። ከፊቱ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ።

ፖሊስ ዘንድ ቃል ስንሰጥ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች በጎቹ ደንብረው መንገድ ገቡ ብለው መሰከሩ። ልጁን ስለሚወዱት ነው። ስልክ ያልነው መሪጌታና እኔ ብቻ ነን። ትራፊክ ፖሊሱን እየነዱ በስልክ ማውራት አልተከለከለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

“ተከልክሏል እንጂ፣ ቲቸር” አለኝ። “ግን እጅ ከፍንጅ ካልያዝን ምን እናድርግ?”

በማግሥቱ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ክርክር ሆነ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሾፌር ያለ ስልክ ሥራ የለውም፣ መከልከሉ ኋላ ቀርነት ነው አለ። ሌላው ቀን ሲጎድል ነው፣ ቀን ሲጎድል የገዛ በሬም ይወጋል አለ። ቀኑ ምን አጠፋ አልኩት። ቀኑ ስልክ አላነሣም። ተናድጄ የጀመርኩትን ሻይ ትቼ ወጣሁ።

ሰውየው ጎንደር ተልኮ ታክሞ በክራንች ሲመለስ፣ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። የሾፌሩ ዘመዶች ናቸው ብዬ ፊት ልነሣቸው ስል የገበሬው ሚስት ከኋላቸው ቆማለች። የሾፌሩ ቤተሰቦች ማሳችንን ሊያርሱልን ቃል ገብተዋል፣ ምስክርነቱን ተይልን አለችኝ። “እሱ ቢታሰር የባሌ እግር አይበቅልም፣ እመቤቴ። ክረምቱ ደግሞ አይጠብቀንም።”

በእሷ መናደድ አልችልም። ነገሩ ግን አንገበገበኝ። ሁሉም ነገር “ድንገተኛ አደጋ” ተብሎ ሊዘጋ ነው። የስልኩ ነገር ከነጭራሹ ሳይነሣ ሊቀር ነው። ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። ዕርቁን አልቃወምም፣ ግን ልጁ በሰው ፊት ምን ያደርግ እንደነበር በገዛ አፉ ይናገር አልኳቸው። ተያዩ፣ አጉረመረሙም፣ በመጨረሻ እሺ አሉ።

ዕርቁ የተደረገው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው። ገበሬው ክራንቹን ጎኑ አስተኝቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ ተነሥቶ አቀርቅሮ ቆመ። “ስልክ እያናገርኩ ነበር። አላየሁትም” አለ።

ገበሬው ራሱን ቀና አደረገ። “ማንን ነበር የምታናግረው?”

ልጁ ጓደኛዬን አለ። ስለ ምን ሲለው ደግሞ ድምፁ እየሰለለ፣ ትራፊክ ፖሊስ የት እንደ ቆመ እየጠየቅሁት ነበር አለ። ገበሬው ይቅር ብዬሃለሁ አለው። እኔ ብሆን አልለውም ነበር።

ያን ክረምት የሾፌሩ ቤተሰቦች ቃላቸውን ጠብቀው አረሱለት። በሚቀጥለው ክረምት ግን ማሳው ላይ ዝር ያለ የለም፣ ሰውየው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ሾፌሩ ወደ መሪው ተመለሰ። እሱስ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ውስጥ እንደሚከተው ሰማሁ። ሌሎቹ ግን አንድም አልተማሩም። ከቁጥጥሩ ቦታ ሲደርሱ ጭናቸው ሥር ይደብቁትና ሲያልፉ ያወጡታል። ይህ ሁሉ እያለ ባልደረቦቼ ይከልከል አይከልከል ብለው ይከራከሩኛል። ክልከላውን የሚያስከብር ጠፋ እንጂ ምን ይከልከል ይሉኛል?

እኔ አፌን አልዘጋሁም። ስልክ ባነሡ ቁጥር አስቀምጠው እላለሁ፣ ተሳፋሪው ደግሞ ጀመረች ብሎ ያጉረመርማል። መናኸሪያ ላይ ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ሦስት ወንበር ባዶ እያለ ሞልቷል ይሉኛል። ይሙላላቸው። እዚያው ቆሜ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ።