ለሕያው የወረደ ሙሾ

ወይዘሮ አገሬ ሽታው፣ እሑድ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ በሐይቅ ከተማ ከገዛ ድምፃቸው ጋር ተጣሉ። ዐሥር ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የኖረው «የዳገት ቤት» የተባለው ተከታታይ ድራማ በዚያን ዕለት ዐሥረኛ ዓመቱን ያከብር ነበር። ለበዓሉ እንደገና እንዲታዩ ከተመረጡት ትዕይንቶች አንዱ ወይዘሮ አገሬ ከዓመታት በፊት ያወረዱት ሙሾ ነው። እርሳቸው ደግሞ «ያ ሙሾ ዳግመኛ ከተሰማ ልጄ አይመለስም» ብለው በፍጹም ልባቸው አምነው ነበር።

የተወለዱት በአምባሰል፣ ከውጫሌ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ሲሆን ወደ ሐይቅ የመጡት በጋብቻ ነው። ባላቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ በጎልማሳነታቸው ሞቱና ቅዱስ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ትተውላቸው ሄዱ። ወይዘሮ አገሬ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየጠበሱ በመሸጥ ልጁን አሳደጉ። ከዚህም ሌላ ከእናታቸው የወረሱት ሙያ ነበራቸው፤ እርሱም ማልቀስ ነው። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ትልቅ ለቅሶ ሲኖር አገሬ ትጠራ ይባላል።

ሙያው የራሱ ሕግ አለው። አልቃሽ ስለማታውቀው ሰው አታለቅስም። አስቀድማ ከሟቹ ዘመዶች አጠገብ ትቀመጥና ምን ይወድ እንደ ነበር፣ ምን ያስቀው እንደ ነበር፣ አረማመዱ እንዴት እንደ ነበር ትጠይቃለች። ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ይጠብቃል፤ በሕያው ሰው መልክ ሙሾ አይወረድም። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የለም፤ የሚያፈርሰውም ሰው አልነበረም።

በ2008 ዓ.ም. የድራማው የቀረጻ ቡድን ሐይቅ ገባ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ወጣት ይሞታልና ለቅሶው በሐይቁ ዳር እንዲሆን ተፈልጎ ነበር። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድነት የሚቀብረው ቅሬ፣ ማለት ዕድሩ፣ ድንኳኑንና ቃሬዛውን አዋሰ። የሰፈሩ ሰው ለቀስተኛ ሆኖ ተሰለፈ፤ ቅዱስም ከጓደኞቹ ጋር ከሰልፉ መካከል ቆመ። አልቃሽዋ ያለ ጥርጥር ወይዘሮ አገሬ ነበሩ።

አዘጋጁ ከአዲስ አበባ የያዘውን የሙሾ ግጥም አነበበላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ማን ነው የሞተው?» አሉት።

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ። ድራማ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ልጁ ምን ይመስል ነበር?»

«በቃ፣ ቆንጆ ነበር ይበሉ።»

«ቆንጆማ ለበግም ይባላል፣ ልጄ» አሉት። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ።

ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ድምፃቸው እንደ ደረቀ ቅል ተንኳኳ እንጂ የሰው አንጀት የሚነካ ነገር አልወጣውም። ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነበርና የቀረጻው ሰዎች መቁነጥነጥ ጀመሩ። ወይዘሮ አገሬ በሙያቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ በሙያ መኩራትም መልካም ነው፤ ነገር ግን ኩራት መቆሚያውን ካላወቀ ባለቤቱን ይዞ ገደል ይገባል። በሦስተኛው ጊዜ ዐይናቸውን በባዶው ቃሬዛ ላይ በተነጠፈው ጋቢ ላይ ተከሉና ድንገት ድምፃቸው ተሰበረ፤

መቅዘፊያህ ደረቀ ከደጃፍ ላይ ቆሞ፣
ያ ፍንጭቱ ጥርስህ የት ይገኛል ከርሞ።

የተቀጠሩት ለቀስተኞች የእውነት አለቀሱ። ካሜራ የያዘው ሰው እንኳ ዐይኑን በትከሻው ጠረገ። ጥርሰ ፍንጭቱም፣ ከታንኳ ወርዶ መቅዘፊያውን ከደጃፍ የሚያቆመውም ቅዱስ መሆኑን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀረጻው እንዳበቃ ቅዱስ ራሱ እየሳቀ መጣ።

«እማ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ! ንፍሮውን እንኳ ሳልቀምስ!»

ሁሉም ሳቀ፤ እናቲቱም ሳቁ። ያልሳቁት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሪፋ ብቻ ነበሩ። «ስመ አብ በይ፣ አንቺ ሴት! በእኔ በኩል አዑዙ ቢላህ ብያለሁ» አሏቸው።

ሙሾው በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ አገር አነጋገረ። ወይዘሮ አገሬ ገበያ ሲወጡ «የዳገት ቤቷ አልቃሽ» ተባሉ፤ ቅዱስም «ሟቹ መጣ» እየተባለ ተቀለደበት። ቀልዱ ዓመታት ቆየ። ከዚያም ጦርነት መጣ፤ መረቡም ታንኳውም ጠፋ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ቅዱስ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በባቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ ወረደ። ከጅቡቲ ዳርቻ አንድ ጊዜ ደወለና፣ «እማ፣ ነገ እንሻገራለን፤ ዓረብ አገር ስገባ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩም ልጁም ዝም አሉ።

ወይዘሮ አገሬ ከዚያ ወዲህ አላለቀሱም። ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ከኋላ ተቀምጠው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ይይዛሉ። «ለኛ ሲሆን ከበዳት» እያሉ ያጉረመረሙ አሉ። እርሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ያስቡ ነበር፤ ሕጉን አፍርሰው ሞትን በልጃቸው መልክ የጠሩት ራሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የተጠራ ሞት ምናልባት ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፍ ይሆናል። ሁለተኛ ከተጠራስ?

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጨረሻ ከማያውቁት ቁጥር ስልክ ተደወለ። የሚጠበሰውን ዓሣ ከእሳቱ ላይ ትተው ሮጡ።

«ቅዱስ?»

«ሰሚሃ እባላለሁ፣ እማማ፤ ከ«የዳገት ቤት» ነው። እንኳን ደስ ያለዎ! ለዐሥረኛ ዓመታችን ተመልካቹ የእርስዎን ሙሾ መረጠው። አዲስ አበባ መጥተው ይሸለማሉ።»

ወይዘሮ አገሬ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አታሳዩት፣ ልጄ።»

«አልሰማሁዎትም?»

«አታሳዩት ነው የምልሽ። ልጅ አለሽ?»

«የለኝም፣ እማማ።»

«እንግዲያው በእናትሽ።»

«እማማ፣ ፕሮግራሙ እኮ ተቀናብሮ አልቋል። ሕዝቡ ደግሞ በጣም ነው የወደደው!»

«ሕዝቡ የወደደው የልጄን ሞት ነው» አሉ። ሰሚሃ አለቆቿን እንደምትጠይቅ ነገረቻቸው። መልሳ አልደወለችም። ወይዘሮ አገሬ ሲደውሉም ስልኩ አይነሣም ነበር።

የንስሐ አባታቸው አባ ሀብተ ጊዮርጊስ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኩሴ ናቸው። ሴት ወደ ገዳሙ አትገባምና ከደጁ ቆመው አስጠሯቸው። መነኩሴው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ልጄ፣ የሰውን ነፍስ የሚወስድ እግዚአብሔር ነው። ቃል ነፍስ አታወጣም» አሉ።

«ቃል እንዲህ አቅም ከሌለው፣ አባ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን እያላችሁ ትቆማላችሁ?»

አባ ሀብተ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ስሙን ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ፤ «የክርስትና ስሙን። እጸልይለታለሁ።»

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ አገሬ አገሩን ሁሉ ማስቆም እንደማይችሉ ገባቸው። አሁን የቀራቸው ከተማቸው ብቻ ነበር፤ ድምፁ ቢያንስ ልጁ በተወለደበት ምድር እንዳይሰማ። ወይዘሮ አሪፋን አስከትለው ቤት ለቤት ዞሩ። ሙሾው በሚታይበት ሰዓት ቴሌቪዥናቸውን እንዲያጠፉ ሰዎችን እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኑ።

«ተነሺ፣ መሬቱን ጨረሽው» ይላሉ አሪፋ ክንዳቸውን እየጎተቱ። ለባለቤቶቹም፣ «እስቲ እሷ የጀመረችውን እኔ ልጨርሰው። ቁልፏን ጠቅ ማድረግ ናት፤ ወላሂ ጣት አታሳምምም!» ይላሉ።

«የዳገት ቤት» እየታየ ጎረቤት ከጎረቤት በማይነጋገርበት ከተማ ይህ ቀላል ልመና አልነበረም። ሆኖም ከዞሩባቸው ቤቶች ማንም እንቢ አላለም። የልጅ ነገር ሲነሣ የማይደነግጥ ወሎዬ የለም።

እንቢ ያለው ሀሚዱ ብቻ ነው። ሀሚዱ በመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አለው፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ለበዓሉ ከሩቅ ሰው ጠርቶ ነበር። ወይዘሮ አገሬ በዚያ እሑድ ሲደርሱ ሻይ ቤቱ ሞልቶ ሰው እስከ አስፋልቱ ቆሟል፤ የደሴና የወልድያ መንገደኞችም ከሚኒባስ ወርደው አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«እትዬ አገሬ! ኮከባችን መጡ! ከፊት አስቀምጧቸው!» አለ ሀሚዱ።

«ዝጋልኝ፣ ሀሚዱ።»

«ምኑን?»

«እኔን።»

«ከውጫሌ ድረስ ለመጣ ሰው ምን ልበለው፣ እትዬ?»

«መብራት ጠፋ በለው።»

«አምፖሉ እየበራ?» አለ ሀሚዱ፤ የቀረቡት ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደራ ገበያ ግን ጆሮ ይደፍናል። ፊቱን መልሶ ብርጭቆ ማደሉን ቀጠለ።

ወይዘሮ አገሬ ወደ ቴሌቪዥኑ ሊጋፉ ሞከሩ፤ መንገድ የሰጣቸው የለም። በዚያው ቅጽበት ሐይቁ ታየ፤ ድንኳኑ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ጠጉር የነበራቸው አገሬ ታዩ። «ያቻትና!» አለ አንድ ሰው። በቴሌቪዥኑ ያለችው ሴት ደረቷን በእጇ ይዛ አየር ሳበች።

ከደጅ የቆሙት አገሬ ቀደሟት። እልል አሉ።

እልልታው የወንድ ልጅ መወለድ የሚበሠርበት ነው። ሲጀመር ሸካራ ነበር፤ ሦስት ዓመት በነጠላ ሥር የኖረ ጉሮሮ ነውና። በእኛ አገር እልልታ የሰማች ሴት ምክንያቱን አትጠይቅም፤ አስቀድማ ትቀበላለች፤ መጠየቁ በኋላ ነው። ፊተኛዋ ተቀባይ አሪፋ ነበሩ። ከአስፋልቱ ማዶ ሸንኮራ የሚሸጡት ሴቶች ተቀበሉ። እልልታው ቴሌቪዥን በጠፋባቸው ቤቶች በራፍ እየዞረ፣ ከግቢ ወደ ግቢ እየተሻገረ ሄደ። በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአንዲት ሴት ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው ነገር አይሰማም። ሀሚዱ ድምፁን እስከ ላይ ከፈተው፤ ምንም አልረዳውም።

«ማን ወለደች?» እያለች አንዲት ሴት ከነሊጥ እጇ እየሮጠች መጣች።

«አገሬ ናት» አሉ አሪፋ።

ሴትዮዋ የወይዘሮ አገሬን ሽበት አየች፤ ፊታቸው ላይ የሚወርደውንም እንባ አየች። ከዚያም እልልታውን ተቀበለች። ሀሚዱም ብርጭቆውን አስቀመጠ። ትዕይንቱ አልፎ ሌላ ከመጣ በኋላ እንኳ ወይዘሮ አገሬ አላቆሙም፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ እልል አሉ፤ ከተዘጋም በኋላ ምላሳቸው ባዶውን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አብሽሪ፣ አለፈ» አሉ አሪፋ እጃቸውን ይዘው።

«እሱስ?»

ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ከቅዱስ የመጣ ወሬ የለም። ሙሾው በቀረው አገር ሁሉ ተሰምቷል፤ ሽልማቱንም ወይዘሮ አገሬ ሄደው አልተቀበሉም። ያደረጉት ነገር ይህ ነው፤ «የዳገት ቤት» ዐሥረኛ ዓመቱን ባከበረበት ቀን፣ በሐይቅ ከተማ፣ በልጃቸው መልክ የወረደውን ሙሾ ማንም ሰው አልሰማውም።