እግርሽ ከቆመ አፌ ይቆማል

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ አይደለም፤ በእግሬም ነው። ይኸን ስናገር የወንድሜ ልጆች «አክስቴ ደግሞ ጀመራት!» እያሉ ይንከተከታሉ። ይሳቁ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው።

የእናቴ አጎት አያ እንድሪስ ቆቦ ላይ የታወቀ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ቶርኖው እንጨቱን ከግራና ከቀኝ በብረት ጥርስ ነክሶ ያሾረዋል፤ አያ እንድሪስ መሮውን ሲያስጠጋበት ያ ጎርባጣ ግንድ እየተላጠ የአልጋ እግር ይሆናል፣ ዘነዘና ይሆናል፣ እንዝርት ይሆናል። የዛሬው በመብራት ይዞራል፤ የያኔው ግን በእግር ነበር። ከሥሩ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ የመርገጫ ሳንቃ አለው፤ ሳንቃው ሲረገጥ ትልቁ መዘውር ይዞራል፣ መዘውሩ ደግሞ በጠፍር አድርጎ እንጨቱን ያሾረዋል። ሳንቃው መሐሉ ላይ ስንጥቅ ስለነበረው በተረገጠ ቁጥር «ገው… ጧ! ገው… ጧ!» ይል ነበር።

ያኔ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ዞብል ተራራ ቀልቶ ቀልቶ ሲጠቁር፣ ከብቱ ገብቶ አቧራው ሲረግብ፣ ሮጬ እሱ የሚሠራበት ዳስ እገባለሁ። ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ በፍቅፋቂ የተያያዘው ፍም ላይ የሙጫ ጣሳ ተጥዶ ይንተከተካል፤ ሽታው እንደ ተቃጠለ ቀንድ አፍንጫ ይወጋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሽቶ አስበልጠዋለሁ። እሱ ሽርጡን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለቆ በቀኝ በኩል ይቆማል፤ ከመሮው የሚረግፈው ፍቅፋቂም እግሩን ይውጠዋል። እኔን በግራ በኩል የተደፋ ሙቀጫ ላይ ያስቀምጠኝና፣

«በይ ዘነቡ፣ እግርሽን ሳንቃው ላይ ጣል አድርጊ። መኪናው የአንች ነው። እግርሽ ከቆመ አፌ ይቆማል» ይለኛል።

«ተረት ተረት» ሲባል ሌላው ልጅ «የላም በረት» ብሎ በአፉ ይመልሳል፤ እኔ የምመልሰው በእግሬ ነበር። ደክሞኝ ያረፍኩ እንደሆነ ጅቡ አፉን እንደ ከፈተ ይቀራል፣ ንጉሡ እጁን እንዳነሣ ይቀራል፣ መዘውሩም ቀስ እያለ ይቆማል። «አያ፣ ከዚያስ?» ስለው በመሮው ጫፍ እግሬን ያሳየኛል። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለኝ! «አያ እንድሪስን የማሠራው እኔ ነኝ» እያልኩ ሰፈሩን አሰለቸሁት።

የመጨረሻው ተረት ይኸ ነው። አንድ አናጢ ነበረ አሉ። እናቱ እሱን ስትወልድ ስለሞተች አያውቃትም። ዞብል ወጥቶ የወይራ ግንድ ቆርጦ አመጣና ቶርኖው ላይ አስነከሰው። መሮውን ቢያስጠጋ ግንዱ ተናገረ፤ በአንድ ፍቅፋቂ አንድ ቃል። «አንዲት» አለች የመጀመሪያዋ። «ሴት» አለች ሁለተኛዋ። «ነበረች» አለች ሦስተኛዋ። አናጢው ላጠ፣ ላጠ፤ ለካ ግንዱ የሚያወራለት ስለ እናቱ ኖሯል፤ እንዴት እንደምትስቅ፣ ውሃ ስትወርድ ምን ብላ እንደምትዘፍን። እንጨቱ ግን ቀጠነ። የአልጋ እግር ያክል የነበረው ዘነዘና አከለ፤ ዘነዘና ያከለው እንዝርት አከለ። አናጢው መሮውን እንደያዘ ቆመ። ቢልጠው እንጨቱ ያልቅበታል፤ ባይልጠው የእናቱ ነገር ሳይሰማ ይቀርበታል።

ልክ እዚህ ላይ ስንደርስ የጎረቤት ሙሽራ መጣች። ከበሮው፣ እልልታው፣ የመኪናው ጡሩምባ! ያን ምሽት አያ እንድሪስ በዚያ ወበቅ ቡሉኮ ደርቦ ነበር፤ ላቡ እንጨቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዓይኔ አይቷል፤ ልጅ ልቤ ግን የት ሄዶ ይገንዘብ? ከሙቀጫው ላይ ዘለልኩ።

«አያ፣ መጣሁ!»

«ልጨርስልሽ እንጂ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ዞር አላልኩም። አጥሩን ሳልፍ ግን ከኋላዬ ሰማሁት። ገው… ጧ። ገው… ጧ። እግሬ ከእኔ ጋር ነው፤ መዘውሩ ግን ይዞራል። ጠጉሬ ቆመ። ሠርግ ቤት እናቴን አግኝቼ «እማዬ፣ የአያ መኪና ብቻዋን ትሠራለች!» ብላት፣ «ዝም በይ፣ በማታ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም!» ብላ አፌን በመዳፏ ከደነችው።

በሦስተኛው ቀን አያ እንድሪስን ወባ ወሰደችው። እኛን ሕፃናቱን ደጁ እንኳ አላስደረሱንም። እኔም በልጅ ልቤ ነገሩን ገጣጠምኩት፤ እግሬን አነሣሁ፣ አያም ቆመ። መዘውሩን ያለ እኔ ያዞር የነበረው ደግሞ እሱን ሊወስድ የመጣው ነገር ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ቶርኖውንም ልጆቹ ሸጡት፤ ማን እንደ ገዛው አላወቅሁም።

እንግዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ይኸን ይዤ ነው ስስቅ፣ ስጨፍር፣ ሰው ሳስቅ የኖርኩት። ባሌ «አንች ሴትዮ፣ በእንቅልፍሽ የት ነው የምትሄጅው?» ይለኛል፤ ተኝቼ እግሬ ይረግጣላ! ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ እኔ መጀመሪያ ወደ ኋላዬ እዞራለሁ።

ባለፈው ዓመት ዋጃ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። እግረ መንገዴን እጄን ልታጠብ አንዲት ሴት ግቢ ጎራ ብል፣ ጥግ ላይ ዶሮ የሰፈረበት፣ ዝገት የበላው ነገር ቆሟል። ከአራቱ እግሮቹ አንዱ ከሌሎቹ የማይመሳሰል የቁርቁራ እንጨት ነው። የአያ እንድሪስ ቶርኖ! ያን እግር ሲተካ ሚስማር ያቀበልኩት እኔ ነኝ! ዶሮዎቹ ፊት ተንበረከክሁ።

«ምነው እህቴ? ሟቹ እኮ እዚያ ማዶ ነው» አለችኝ ባለቤቲቱ፣ ለተብርሃን።

«የእኔ ሟች እዚህ ነው» አልኳት።

ነገሩን አስረዳኋት። ባሏ በሕይወት ሳለ ከቆቦ ገዝቶት ነው፤ የሚያውቅበት ጠፋና ዶሮ ወረሰው። «ሽጭልኝ» ብላት፣

«ዋይ አነ! ዶሮዎቼስ የት ይደሩ? ቆጥ ሥሪልኝና ውሰጂው» አለች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል እንጂ፣ ባለ ፎቅ ቆጥ ነው የማሠራልሽ!»

አሠራሁላትም፤ አጠናውን ከጎብዬ፣ ቆርቆሮውን ከቆቦ አስጭኜ። እስኪያልቅ ድረስ ግን «ሐሳቧን ብትለውጥብኝስ?» እያልኩ እህል አልወርድልኝ አለ። ዶሮዎቹ አዲሱ ቆጥ ላይ በወጡ ዕለት ቶርኖውን ማሽላ በጫነ መኪና ላይ አሳፈርኩት፤ እኔም ጆንያው ላይ ጉብ ብዬ፣ አንድ እግሩን እንደ በግ ጨብጬ ቆቦ ገባሁ።

የሰፈራችን በያጅ ወርቁ ሲያየው ራሱን ያዘ። «እትዬ ዘነቡ፣ ይኸ እኮ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ነው። ለቁራሌው ብትሰጭው አይሻልም?»

«ቁራሌው አንተኑ ይውሰድህ! ሥራ!»

የዶሮውን ኩስ በቢላ ፋቅሁ። ብረቱን ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፍነው፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አሸሁት፤ ቤቴ ወጡም እንጀራውም ናፍጣ ናፍጣ እስኪል። የተበላውን ብረት ወርቁ በየደው፤ ጠፍሩን ከአዲስ የበሬ ቆዳ አስቆረጥኩ። አንድ ቀን ወርቁ፣ «በእግር ምን ያለፋሻል? ሞተር ልግጠምልሽ» አለኝ።

«ሞተር ተረት አያውቅም።»

«ይኸስ ያውቃል?» ብሎ ሳቀ። እኔ፣ በነገር ሁሉ የምስቀው፣ አልሳቅሁም።

በመጨረሻ የመርገጫው ሳንቃ ቀረ። ኩስ ከቆሻሻ ጋር ተጋግሮበት እንጨትነቱም አይታወቅም። ወርቁ ነቅሎ «ይኸስ ተሰንጥቋል፤ ለማገዶ ነው» ሲል ከእጁ ነጠቅሁትና ውሃ አፍስሼ ፈተግሁት። ሲጠራ በግራው ጫፍ ማንኪያ የሚያክል ስርጉድ ወጣ። ጣቴን ባስገባ ልስልስ ያለ ነው፤ የሕፃን ተረከዝ። የእኔ! እልል ልል አፌን ስከፍት ወርቁ ቀኙን ጫፍ እያየ ነበር። እዚያ ደግሞ አውራ ጣቱ እንኳ ሳይቀር የተቀረጸ፣ የትልቅ ሰው እግር የበላው ጉድጓድ አለ።

«ሰውዬው እዚህ ሆኖ ሲረግጥ ኖሯል» አለ ወርቁ። «እዚህ ደግሞ ሕፃን ተጫውታበታለች።»

«አልተጫወትኩም! መኪናውን የማዞረው እኔ ነበርኩ!»

«በናትሽ እትዬ! ይኸን መዘውር ሕፃን አታዞረውም። እስቲ አንች ሞክሪው።»

ሳንቃውን ገጠመልኝ። ደንዳና ሴት ነኝ፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሜ አልንገዳገድም። በግራ በኩል፣ እቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ቁጭ ብዬ ረገጥሁ። አልነቃነቅ አለ። ቆሜ በሁለት እግሬ ተጫንሁት። መዘውሩ አቃሰተ፤ አንዴ ዞረና ሳንቃው «ገው… ጧ» አለ።

መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥሁ። ወርቁ «ውሃ! ውሃ አምጡ!» እያለ ሰፈሩን አሸበረው።

ለካ ከሽርጡ ሥር፣ ከፍቅፋቂው ሥር፣ ያ የአያ እግር ነበር። እኔ ሳርፍ እሱም ያርፋል፤ እኔ ስጀምር እሱም ይጀምራል፤ መኪናው የእኔ ነው ብዬ እንድኮራ። ያን ማታ ደግሞ ጂንም መልአከ ሞትም አልመጣም። አጥሩ ድረስ የተከተለኝ፣ አርባ ዓመት የሸሸሁት ድምፅ፣ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ የአያ እንድሪስ እግር ነው። «ልጨርስልሽ እንጂ» ያለኝ ሰው እየጨረሰው ነበር፤ ለባዶ ሙቀጫ። እኔ አልገደልኩትም። ይኸን ማወቄ ቀለለኝ ልበል? ተረቱ ሳያልቅ ቀረ እያልኩ ነበር የኖርኩት፤ ተረቱስ አልቋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይኸኛው ደግሞ ከፊተኛው ይከብዳል።

አሁን ቶርኖው ዘይት ጠግቦ ግቢዬ ውስጥ ቆሟል፤ እኔም ከስንት ልፋት በኋላ ለመድኩት። አመሻሹ ላይ የወንድሜ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ በፍቅፋቂ እሳት አነድዳለሁ፤ ሙጫም ባያስፈልገኝ ለሽታው ብዬ እጥዳለሁ። ትንሿን፣ ሰላምን፣ በግራ በኩል ሙቀጫ ላይ አስቀምጬ እግሯን ሳንቃው ላይ አስጥላታለሁ። እኔ በቀኝ እቆማለሁ፤ ረጅም ቀሚስ ነው የምለብሰው።

ባለፈው ሳምንት የአናጢውን ተረት ጀመርኩላት። የወይራ ቁራጭ አስነክሼ እየላጥሁ ነበር፤ እንጨቱ እንዝርት ሲያክል መሮዬም አፌም ቆመ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውማ። በዚያች ቅጽበት በመንገድ የሠርግ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ መጡ። ሰላም ብድግ አለች።

«አክስቴ፣ መጣሁ!»

ጀርባዋን አየሁት። እግሬ ግን አልቆመም። ገው… ጧ። አፌም ሳላዘው ቀጠለ። «አናጢው ላጠው» አልኩት ባዶውን ሙቀጫ። «እንጨቱም አለቀ። የመጨረሻዋ ፍቅፋቂ ስትወድቅ በመዳፉ ተቀበላትና ጆሮው ላይ ለጠፋት። ‹መጣሁ› አለችው።»

አያ እንድሪስ በዚህ ጨርሶት እንደሆነ አላውቅም። ግን ቀና ስል ሰላም አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ዞር ብላለች። ያኔ እኔ ያላደረግሁትን። ዓይኗ ከሚዞረው መዘውር ወደ ገዛ እግሯ፣ ከእግሯ ወደ መዘውሩ ይመላለሳል።

«አክስቴ፣ ማን ነው የሚያዞረው?»

ቀሚሴን ወደ ታች ሳብ አደረግሁና፣ «አንች ነሽ» አልኳት። «ነይ፣ ልጨርስልሽ።»