ላፕቶፑን ጋቢ ያለበስሁት ዕለት

የዚያን ዕለት ጠዋት ላፕቶፔ በረደው ብዬ አጎዛ ላይ አስቀመጥሁትና ጋቢ ደረብሁበት። አልሰከርሁም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሰፈራችን ቁስቋም ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ የበረደው ብረት ደግሞ ይሰንፋል ብዬ ተመራመርሁ። ቁርሴን በልቼ ስመለስ ጋቢው ሥር እንደታመመ ጥጃ ያጓራል። ብገልጠው ትኩሳቱ መዳፌን ለበለበው። ነፋስ ያግኝ ብዬ ክዳኑን ይዤ እያንጠለጠልሁ ወደ መስኮቱ ስወስደው ስክሪኑ ድርግም አለና ጠቆረ።

ጉዳቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ስቄ በተውሁት። በማግስቱ ግን የጎረቤቴን ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ የሁለቱን ወገን ሰባት ቤት የምቆጥረው እኔ ነኝ። የሁለቱም ዘር ከእንፍራንዝ ስለሚመዘዝ አባትዬው ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም ብሏል። ዝርዝሩ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ቀድሞ የተጻፈበትን ደብተርማ፣ ዘመኑ የኮምፒውተር ነው ብዬ እየተኩራራሁ ለእሳት ማቀጣጠያ ሰጥቼዋለሁ።

ፒያሳ ወዳለ ሱቅ ሮጥሁ። ባለሱቁ እንደ ሐኪም ነጭ ጋውን ለብሷል። አልከፈተውም፤ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና ስክሪኑ ሞቷል፣ ውስጡም ተቃጥሏል፣ አዲስ ይግዙ አለኝ፤ አዲሶቹም ከጀርባው ተደርድረዋል። ሳይነካ ሞት የሚፈርድ ባለሙያ! እኔም የተማሪዎቼን ጥያቄ ሳልሰማ መልሱን ስሰጥ ኖሬአለሁና የትምህርቱን ምንጭ አውቀዋለሁ።

ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ራዲዮና ስልክ የምትጠግን ሴት አለች። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠላ በቀረበበት ሁሉ፣ «እሷ ራዲዮ አትጠግንም፣ ትቀቅላለች» እያልሁ ሰፈሩን ሳስቅ ቆይቻለሁ። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ ገልመጥ ብዬ ገባሁ።

ላፕቶፑን አበራችና መጋረጃውን ዘጋች፤ የስልኳን ባትሪ አብርታ በጠቆረው ስክሪን ላይ በሰያፍ ያዘች። ፊደሎቼ እንደ ጥላ ሆነው ታዩ። ስክሪኑ አልሞተም፣ የውስጥ መብራቱ ነው የጠፋው አለችኝ። በክዳኑ አንጠልጥዬው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ዋሸሁ። ክዳኑን ፈትታ የላላውን ገመድ መልሳ ስትሰካው ቦግ አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጋለና ራሱን አጠፋ። ይኼኔ ገልብጣ ሆዱን ከፈተችው፤ ከማቀዝቀዣው ማራገቢያ አውራ ጣት የሚያህል የበግ ጠጉር በወረንጦ መዝዛ አወጣች።

«አያ፣» አለች ጠጉሩን አንስታ እያየችው፣ «ይኸ ላፕቶፕ ነው ወይስ ጠቦት?»

«በርዶት ነው» አልሁ።

«ምነው ታዲያ ጠላ ቢጤ አላቀመሱት?»

ከእንግዲህ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ እንጂ አጎዛ ላይ እንዳላስቀምጠው፣ ምንም እንዳልደርብበት አስጠነቀቀችኝ። ሂሳብ ብላት እምቢ አለች።

«ነገ ሰው በተሰበሰበበት ማን እንደሠራው ይናገሩልኝ። ሰው ከደጄ የቀረው በእርስዎ አፍ ነው።»

ታውቅ ኖሯል። እናገራለሁ ብዬ ማልሁላት።

በማግስቱ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቆጠርሁ። እስከ ሰባት ቤት አልተገናኙም፤ ስምንተኛው ላይ የሚጋሩት አንድ አያት አገኘሁ። ጋብቻው ጸና፣ ልጅቱ ከጓዳ እልል አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ላፕቶፑን እያየ፣ ትናንት ተበላሸ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ማን ሠራልህ አለኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ራሴው» አልሁ።

ሸጋ ነው፣ በዚህ ዕድሜ፣ እያሉ አደነቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ያንኑ ባለ ነጭ ጋውን መስዬ፣ ምስጋናውን ዋጥሁት።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እነዚያው ሰዎች እነዚያው ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። በጠጋኟ ደጅ ሳልፍ አሁንም ግራ ቀኝ እገለምጣለሁ። እነሱ ፊት የምትነገር አንዲት ቃል ዕዳ አለብኝ፤ እስከ ዛሬ አልከፈልኋትም።