ምስር ያፈሰሰው ሐኪም

ዛሬ አርብ ገበያ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ የሰፋሁት ጆንያ ተተርትሮ ምስሩ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሐኪም ነኝ እኮ!

ጥፋቱ የፕሮፌሰራችን ነው። በአገራችን የሕፃናትን ቀዶ ሕክምና ከጀመሩትና ካስተማሩት አንዱ ናቸው፤ ትውልዳቸው እዚሁ ታች ጋይንት ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን እዚህ ያመጡና "የእማማ ጥሩነሽን ፈተና ያላለፈ ሕፃን አይነካም" ይላሉ።

እማማ ጥሩነሽ እህል ነጋዴ ናቸው። የሰፋነውን ጆንያ ከፍ አድርገው መሬት ላይ ይጥሉታል። ካልፈሰሰ አለፍን።

የእኔን ምስር አንድ በአንድ አስለቀሙኝ። "ልጄ፣ ምስርስ ቢፈስ ይለቀማል" አሉኝ።

በሦስተኛው ስፌት አለፍኩ። ንዴቴ ግን ስላልበረደ "እስቲ ፕሮፌሰሩም ይፈተኑ!" አልኩ።

ሰፉ። እማማ ጣሉት። አንዲት ፍሬ አልወጣችም። ስፌቱን አገላብጠው አዩና፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰውዬ "አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ ትንሽ ተሻሽለሃል" አሏቸው።

ፈገግታቸውን ብታዩ! ስንት ሽልማት ሲቀበሉ እንዲህ አልሆኑም።

ሰኞ የአንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ሆድ የምሰፋው እኔ ነኝ። ፕሮፌሰሩ አጠገቤ ይቆማሉ፤ እኔ የምፈራው ግን እማማ ጥሩነሽን ነው።

እናንተስ፣ የሠራችሁትን አስፈትተው እንደገና ያሠሯችሁ እማማ ጥሩነሽ ማን ነበሩ?