የጓሮው ሳውና

እየሩ «ጋሼ» ትላቸዋለች እንጂ የጎረቤቷን ስም አታውቅም። ክረምቱን ሙሉ የፋብሪካ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ በስደት በሚኖሩባት ሴንት አልባንስ፣ ጓሯቸው ውስጥ በእንጨት የሚሞቅ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሲሠሩ ከአጥር ማዶ ስታያቸው ከረመች።

ቅዳሜ ጠዋት ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ያዘ! ልጄ፣ እሳቱ ያዘ!» ብለው ቦረቁ። ምድጃው ላይ የደረደሩት ድንጋይ ሲግል ውኃ ቢረጩበት ቸስ አለና እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሸፈነው።

«ሰዓት አልሰቀሉበትም እንዴ ጋሼ?»

«የምን ሰዓት! ፍልውኃ ሃያ ዓመት የሰው በር እያንኳኳሁ ‹ሰዓት አልቋል!› ስል ኖሬ፣ እኔ አንድ ቀን ረጋ ብዬ አልታጠብኩም።»

ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ። ወዲያው በሩ ከውስጥ ተንኳኳ።

«ሰዓት አልቋል!» አሉ በፍልውኃ የሥራ ድምፃቸው፤ ቀጥለውም ራሳቸው እየሳቁ መለሱ፦

«አልወጣም!»