የኖራው ትምህርት

ጎረቤታችን አጥር እያሠራ ነው። ባለፈው ሳምንት ግንበኞቹ ግማሽ በርሜል ውስጥ ኖራ በውሃ ሲበጠብጡ በራችን ላይ ቆሜ አየሁ። ኖራው ፈላ፣ እንፋሎቱም ሽቅብ ወጣ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የተለወጠው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ጡረታ የወጣች የኬሚስትሪ መምህርት ኖራ ፈላ ብላ ስትደነግጥ ለማስረዳት አይመችም።

ነገሩ የሆነው ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ ነው። ከአየር ጤና ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት በሙከራ ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረን፤ ውስጡ ግን የተሰባበረ ወንበር ነበር የተከማቸበት። የዚያን ቀን ኤክሶተርሚክና ኢንዶተርሚክን፣ ማለትም ሙቀት የሚሰጡና ሙቀት የሚወስዱ ኬሚካላዊ ለውጦችን ላስተምር ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከኋላ ተቀምጠው ሊገመግሙኝ ነው። ያለ መሣሪያ የሚያስተምር ሰው መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ ለትምህርቱ ይመኛል። ኖራውን ሕንፃ ከሚሠሩ ግንበኞች፣ ዩሪያ ማዳበሪያውን ደግሞ ያኔ ገና እርሻ ከሚበዛበት ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ገበሬዎች ለምኜ አገኘሁ። የኅዳር ብርድ ነበር። ጠዋት ፌርማታው ላይ ትኩስ ቦምቦሊኖ ገዛሁ፤ ፍርሃቱ አላስበላ ብሎኝ ግማሹን ለአንድ ውሻ ጥዬ ክፍል ገባሁ።

መጀመሪያ ላይ ሰመረልኝ። ዩሪያውን ውሃ ውስጥ ጨምሬ ሳማስል ብርጭቆው በረደ፤ ልጆቹም እየተቀባበሉ ጉንጫቸው ላይ እያስነኩ ሳቁ። ኖራውን ጣሳ ውስጥ አድርጌ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ደግሞ ቸስ አለ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ጣሳው በእጅ አልያዝ አለ።

«ኖራ ውሃ ሲነካው ያቃጥላል! ድገሙ!» አልኩ በኩራት።

ልማዳችን ነበር፤ መምህር ይላል፣ ክፍል ይደግማል። ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ «ኖራ ውሃ ሲነካው ያቃጥላል!» ሲል ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ደረቴ አበጠ።

ወዲያው የኋለኞቹ «እኛም እንይ» ብለው ወደ ጠረጴዛው ተገፋፉ። ጋዜጣ ላይ የተረፈው የኖራ ዱቄት ብን ብሎ ከፊት በቆመችው በሳራ ቀኝ ዓይን ውስጥ ገባ። ሳራ ያልኩትን ሁሉ ከነነጠላ ሰረዙ የምትጽፍ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ጮኸች። እጇን ይዤ ግቢው ጥግ ወዳለው የውሃ በርሜል ሮጥኩ። በጣሳ ቀድቼ ወደ ፊቷ ሳስጠጋ ግን ሁለት እጇን ዓይኗ ላይ ጫነች።

«ውሃ አይሆንም ቲቸር! ያቃጥላል ብለዋል!»

ተከትለውን የመጡት ጓደኞቿም እጄን ያዙ። «ቲቸር፣ ኧረ ውሃ አያስነኳት!»

እኔም ቆምኩ። ለማንም ሳልናገር የኖርኩት ይህን ነው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጥቂት ውሃ ኖራን ያግለዋል፣ ብዙ ውሃ ግን ሙቀቱንም ኖራውንም ጠርጎ ይወስዳል። ነገር ግን ልጆቹ የራሴን ቃል ሲመልሱልኝ፣ ዳይሬክተሩም ከበሩ ሆነው ሲያዩኝ፣ ጣሳው እጄ ላይ ቀረ። ብሳሳትስ? ምን ያህል እንደቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የደረሱልን ዘበኛው ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ድሮ ግንበኛ ነበሩ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ጠብታው ነው የሚያቃጥለው! አፍስሺ!» ብለው ጣሳውን ነጠቁኝ። እኔ ራሷን ያዝኩ፣ እሳቸው በርሜሉ እስኪጎድል አፈሰሱ። ሳራ ግን ዓይኗን ድርግም አድርጋ ጨፍናለች፤ ውሃው ከላይ ከላይ ነበር የሚወርደው።

ከዳይሬክተሩ ጋር ኮንትራት ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ወሰድናት። ነርሷ ልታጥባት ስትል ሳራ እንደገና ተፈራገጠች፤ ሁለት ሰው ይዟትም አልሆነም። «ውስጡ አሁኑኑ ካልታጠበ ዓይኑ ይጠፋል» አለ ሐኪሙ። በዚህ መሀል ሰው የተላከባቸው እናቷ «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» እያሉ ደረሱ። ዳይሬክተሩ «ልጆች ሲገፋፉ የደረሰ ነው» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረስኳቸውም።

«ውሃ ያቃጥላል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኩ እያለቀስኩ። «ለዚህ ነው የማትከፍተው።»

ስድብ ጠበቅሁ። እናትየው ግን ክንዴን ይዘው ወደ አልጋው ገፉኝ።

«ታዲያ ልቅሶው ምን ያደርጋል? እርስዎን ነው የምታምነው። እርስዎ ይንገሯት!»

ጆሮዋ ጋ ጎንበስ አልኩ። «ሳራዬ፣ ትምህርቱን አልጨረስኩትም ነበር። የሚያግለው ትንሽ ውሃ ነው። ብዙ ሲሆን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል።»

«እርግጠኛ ነዎት ቲቸር?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ቀስ ብላ ከፈተችው።

ዓይኗ ተረፈ፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብቻ ቀረባት። እኔም ግምገማውን አለፍኩ። ዳይሬክተሩ «ተማሪዎችን በሚገባ ታሳትፋለች» ብለው ጽፈውልኛል፤ አንብቤ አፈርኩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ የእኔ አረም ግን በሰው ልጅ ዓይን ውስጥ ነበር የበቀለው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን ቃሌን በአንድ ድምፅ አስደግሜ አላውቅም። «ለምን?» እያለ የሚያደርቀኝን ተማሪ እወድ ነበር፤ ባልደረቦቼም «ክፍልሽ ገበያ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

የጎረቤታችን አጥር እየተጋመሰ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዱቄት በማንም ዓይን ይገባል፤ እሱን ለራሴ ይቅር ብያለሁ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ሌላ ነው። ሳራ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ወሬ ስታወራ የምትውል ልጅ ብትሆን ኖሮ፣ ውሃው ገና ሲመጣ ዓይኗን ትከፍት ነበር። እሷ ግን በደንብ አዳምጣኝ ነበር።