ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ማሾ

ያላረጋገጥሁትን አልዘግብም። ስለ ሐብሩ ወረዳ ማሾ የሠራሁት የሬዲዮ ዘገባም ከዚህ ደንብ አልወጣም። የውጭ ፈላጊ መብዛቱን አዲስ አበባ ያለ አንድ ላኪ ነገረኝ፣ ወልድያ የሚሠራ የንግድ ባለሙያ አረጋገጠልኝ፣ የመርሳ ነጋዴዎችም ያንኑ ደገሙልኝ። ዘገባው እውነት ነበር። የቱ ጋ እንደ ጎደለ ዛሬም ሳስበው ግራ ይገባኛል።

ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ መርሳ ወርጄ ከማውቀው እህል ነጋዴ መጋዘን ጎራ አልሁ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ስምንት ጆንያ ማሾ አስወርደው ቆመዋል። ከሲሪንቃ ባሻገር ካለ መንደር የመጡ ገበሬ ናቸው። ነጋዴው «ይኸውልዎት አባቴ፣ ጋዜጠኛው» ሲላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«በሬዲዮ ማሾ ይወደዳል ያልኸው አንተ ነህ?»

«ፈላጊው በዝቷል ነው ያልሁት።»

«ያው አይደል እንዴ? ወላሂ፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሲሸጡ አንተን ሰምቼ እኔ ብቻ አቆየሁት።»

ያቆዩት ለበሬ ነው። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ባለፈው ክረምት ሞቶባቸዋል። የቀረውን ከአንድ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ተራ እየጠበቁ ያርሳሉ፤ ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። ስምንቱ ጆንያ ላኪው በሚከፍለው ዋጋ ከሄደ ሁለተኛ በሬ ይገዛሉ። ካልሄደ ዘንድሮም መቀናጆ ነው።

ማሾ ሲቆይ ነቀዝ ይገባበታል። ሽማግሌው ሰው የሚበላው ነው ብለው መድኃኒት አልነሰነሱበትም። ቆርቆሮ ላይ አስጥተው በጥቁር ላስቲክ ሸፈኑትና የቆላው ፀሐይ ለቀናት እንዲያተኩሰው አደረጉ። አንድ ነቀዝ አልተረፈም። እፍኝ ዘግነው አሳዩኝ፤ አንዱም ፍሬ ቀዳዳ የለውም።

ነጋዴው ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት አውጥቶ ቀላቀለ። መቶ ፍሬ ለየና በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው።

«ምን ልታደርገው ነው?» አሉት።

«ይበቅል እንደሆነ ላይ። ላኪው የሚበቅለውን ብቻ አምጡ ብሏል።»

«ለዘር ነው እንዴ የሚወስዱት?»

«የለም፣ ለምግብ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ወደ ነጋዴው ዞርሁ።

«አብቅለው ነዋ የሚበሉት» አለ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ለጠላ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ። ሐራም ውስጥ እንዳትከተኝ።»

«ኧረ በማርያም! እንደ ባቄላ በቆልት ነው አባቴ። ጭራው የጣት ቁመት እስኪያክል ይጠብቁታል አሉ።»

«ባቄላ የላቸውም?»

«እሱን ጋዜጠኛውን ይጠይቁት። አገር ያየ እሱ ነው።»

እኔ ያየሁት አገር ከአዲስ አበባ አያልፍም።

ጨርቁ የሚፈታው በሦስተኛው ቀን ነው። ወልድያ ተመልሼ ላኪው ጋ ደወልሁ። ማሾው መጨረሻ ላይ ማን እጅ እንደሚገባ ጠየቅሁት።

«እኔ የማውቀው እስከ ወደብ ነው። ከዚያ ደላላው ይረከበኛል።»

«ደላላውስ ለማን ይሸጣል?»

«እሱን ከነገረኝማ በምን ሊበላ?»

ቀደም ሲል የነበረው ገዢ ማሾውን ለክክ ይወስደው እንደነበር ነገረኝ። ቢበቅል ባይበቅል ግድ አልነበረውም። ዋጋውን ያስወደደው ግን አዲሱ ገዢ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያበቅል ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርኸኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ማስታወሻዬን አገላብጬ አየሁ። እውነትም አልጠየቅሁትም። ግን ምን ብዬ ነበር የምጠይቀው? ማሾ ለመበላት ይሸጣል፤ ሊበላ የተገዛ እህል ነፍስ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ደግሞ ሌላው ነገር አለ። ነጋዴው እንደ ነገረኝ፣ ነቀዝ ጀምሮት የነበረውን ማሾ በጊዜ የሸጡት ጎረቤቶች ማሾአቸው በቅሎ ተቀባይነት አግኝተዋል። ነቀዙን እስከ መጨረሻው ያጠፉት ሰውዬ ግን ይኸው ጨርቅ እስኪፈታ ይጠብቃሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኋቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ትርጉም አይሰጡም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ መርሳ ስደርስ ሽማግሌው ቀድመውኝ ነበር። በብብታቸው ቅል ይዘዋል። ነጋዴው ጨርቁን ፈታው። ከመቶው የበቀለው አሥራ አንድ ነው። የቀረው ውኃ ጠጥቶ አብጧል እንጂ ጭራ አላወጣም፤ ነቀዙን የፈጀው የላስቲኩ ሙቀት ፍሬውንም ገድሎታል።

«የኔ ማሾ ሙት አይደለም» አሉና ቅሉን ከፈቱ። ለዘር ያስቀሩት ነው፤ ፀሐይ ሳይነካው አመድ ለውሰው ያኖሩት። ከሱ ቆንጥረው ቤታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ኖሯል። ያንን ጨርቅ አውጥተው ሲዘረጉት ሁሉም ጭራ አውጥቷል።

ነጋዴው ትክ ብሎ አየው። «ይኼማ ግሩም ነው አባቴ። ግን አንድ ቅል ነው።»

ስምንቱን ጆንያ ለአገር ውስጥ ክክ በሚከፈለው ዋጋ ወሰደው። ያ ዋጋ በሬ አይገዛም። ሽማግሌው አልተከራከሩም፤ ባዶ ጆንያዎቻቸውን አጣጥፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘንድሮስ ልዝራው?»

«ላኪውን ልጠይቅልዎት» አልሁ።

«እሱስ ማንን ሊጠይቅ?»

ሽማግሌው ከራሳቸው ጨርቅ ጥቂት ቡቃያ አንስተው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ቀስ ብለው አኘኩና ወደ ውጭ ተፉት።

«ጥሬ ነው እኮ! ይኼን ነው በዚህ ሁሉ ዋጋ የሚገዙት?»

ከዚያ ቅሉን በብብታቸው አድርገው ወደ መኪና መሳፈሪያው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። በማግስቱ የበሬ ተራቸው ነበር።